ፋይሉ አለ፤ የሚያነበው የለም

(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ከኮምፒዩተር ክፍል አንድ ሰው ይናገር ሲል ብዙዎቻችሁ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የማወራ ሳይመስላችሁ አልቀረም። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ የመጣሁት ስለ ፍሎፒ ዲስክ ላወራ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅ። እዚህ ካለነው ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፉን ወይም የማስተማሪያ ማስታወሻውን በዶስ በሚሠራ የአማርኛ ፕሮግራም የጻፈ ወይም ያስጻፈ እጁን ያውጣ። ጥሩ፤ ጥቂት አይደለንም። ሁለተኛ ጥያቄ፦ ያንን ፋይል ዛሬ ማታ ቤቱ ገብቶ ከፍቶ ማንበብ የሚችልስ? አዎ፣ አንድም እጅ አላይም። የዛሬው ወሬዬ በነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መካከል ስላለው ነገር ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። አንዲት ሴት የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ ቢሮዬ መጣች። ብዙዎቻችሁ የምታስታውሷቸው የግብርና መምህራችን ልጅ ናት። እሳቸው ካረፉ በኋላ ቤት ሲስተካከል ከመጻሕፍት መደርደሪያው ጀርባ ያገኘችው ቆርቆሮ ነው። ውስጡ 11 ፍሎፒ ዲስኮች አሉ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ በመምህራችን የእጅ ጽሑፍ «ማሽላ» ከሚል ቃል ጋር ተራ ቁጥር ተለጥፏል። «አባባ ‹መጽሐፉ አልቋል፣ ዲስኩ ውስጥ ነው› እያሉ ነው ያረፉት» አለችኝ።

አብራችሁዋቸው መስክ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ። መምህራችን ለዓመታት በወሎና በሰሜን ሸዋ እየዞሩ ገበሬው ለማሽላ ዝርያዎቹ የሚሰጠውን ስም፣ ከነምክንያቱ፣ ይሰበስቡ ነበር። ስም ደግሞ እንዲሁ ስም ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ በሄዱ የማሽላ ናሙናዎች ውስጥ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ከተለመደው እጅግ የበዛባቸው ዓይነቶች እንዳሉ በላብራቶሪ አረጋገጡ። የወሎ ገበሬ ግን «ወተት በጉንጬ» የሚለው ማሽላ ነበረው። የትኛው እህል ሰውነት እንደሚጠግን የሚያውቅ ሰው ያወጣው ስም ነው። ስሙ ሲረሳ አብሮት የሚረሳው ብዙ ነው።

እኔ ታዲያ ነገሩ የግማሽ ቀን ሥራ መስሎኝ ነበር። በዩኤስቢ የሚሰካ የፍሎፒ ማንበቢያ አመጣሁ። ዲስኮቹ ባለ ሦስት ኢንች ተኩሉ ስለሆኑ በዚያ ይነበባሉ። አንዱን ከፈትኩና ፋይሉን በዛሬው ኮምፒዩተር ላይ አየሁት። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የግሪክ ምልክት፣ የሣጥን መስመር፣ የሳቀ ፊት፤ ገጹ ሁሉ እንደዚህ ነው። ከ60 ገጽ በላይ ወረድኩ፣ አንድ የአማርኛ ፊደል የለም። ፋይሉ አልተበላሸም፤ እያንዳንዱ ባይት በቦታው ነበር። የሚያነበው ነው የጠፋው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ወጣቶቹ መምህራን ስለማታስታውሱት ባጭሩ ልንገራችሁ። የዚያ ዘመን ኮምፒዩተር አንድን ፊደል የሚያስቀምጠው በአንድ ባይት ነው፤ አንድ ባይት ደግሞ ከ256 በላይ የተለያየ ነገር አይዝም። ግማሹን የእንግሊዝኛው ፊደል፣ ቁጥሩና ሥርዓተ ነጥቡ ይዞታል። የኛ ገበታ 33 ሲባዛ በ7 ብቻ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። አይገባም። ስለዚህ የአማርኛ ፕሮግራም የሠራ ሁሉ የየራሱን ብልኃት ፈጠረ። አንዱ ለአንድ ፊደል ሁለት ባይት ሰጠ፣ ሌላው ፊደሉን ቆራርጦ ገጣጠመው፣ ሌላው ከእንግሊዝኛው ቦታ ነጠቀ። ብልኃቱ የሚያስደንቅ ነበር፤ ችግሩ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነበውም። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የጋራ ቁጥር ያገኘው በ1992 ዓ.ም. መግቢያ፣ በፈረንጆቹ መስከረም 1999 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ የአማርኛ ፋይል ሁሉ የራሱን ፕሮግራም ይዞ ካልመጣ ዲዳ ነው።

ታዲያ ፕሮግራሙ የት ሄደ? እዚህ ላይ መናዘዝ አለብኝ። የጣልኩት እኔ ነኝ።

በ1991 ዓ.ም. የላብራቶሪው ረዳት ነበርኩ። የፈረንጆቹ 2000 ሲገባ የድሮ ማሽኖች ቀን ይሳሳታሉ ተብሎ ዓለም ሁሉ የተሸበረበት ጊዜ ነበር። አሮጌዎቹን 286 ማሽኖች አውጥተን ዊንዶውስ ያላቸውን አስገባን። የፕሮግራሞቹን ዋና ዲስኮች ከነመመሪያ መጽሐፋቸው በካርቶን አድርጌ «ከእንግዲህ ማን ይፈልጋቸዋል» ብዬ ከቆሻሻ ጋር አስወጣሁ። ባዶ የመሰሉኝን ዲስኮች ደግሞ ፎርማት አድርጌ ለተማሪዎች አደልኩ። ማንም አላዘዘኝም። ክፍሉ ሲጸዳ ደስ ብሎኝ እንደነበር እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ ፕሮግራሙን ፍለጋ ተያያዝን። በማኅበራችን በኩል መልእክት ላክን። ከሦስት ሳምንት በኋላ በአሜሪካ ቨርጂኒያ የምትኖር የክፍላችን ልጅ ደወለች። በወጣችበት ዓመት የያዘችው ሻንጣ ውስጥ አንድ ኮፒ ነበራት፤ እዚያ የእድር ደብዳቤ ትጽፍበት ነበር። ዲስኩን በአካባቢዋ በሚገኝ የማንበቢያ መሣሪያ ቅጂ አውጥታ ላከችልን። የፕሮግራሙን አዘጋጅ ፈልገን ፈቃድ ጠየቅን፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራም የቅጂ መብት የሚጠበቅለት ሥራ ስለሆነ ይህን መዝለል አይገባም። ሰውየው ሥራው አሁንም የሚፈልገው ሰው መኖሩን ሲሰማ ድምፁ ተቀየረ። «ውሰዱት» አለን።

አሁን ፕሮግራሙ አለ። ግን የዛሬው ኮምፒዩተር አያስነሳውም። የድሮዎቹ ፕሮግራሞች 16 ቢት ለሚባለው ማሽን የተጻፉ ናቸው፤ ባለ 64 ቢቱ ዊንዶውስ እነሱን የሚያስኬድበት በር ተዘግቷል። የድሮ ማሽን ፈልጎ መጠገንም ይቻላል፤ ለስንት ዓመት ግን? መለዋወጫው ከየት ይመጣል? መፍትሔው ኢሙሌተር ነው።

ኢሙሌተር ምንድን ነው? እኔ ለእናቴ ያስረዳሁበትን ምሳሌ ልንገራችሁ። ከገጠር የመጣች አያታችሁ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንቅልፍ እምቢ ብሏታል እንበል። አንዷን ክፍል መደብ ታስገቡበታላችሁ፣ ጀበናዋን፣ ከሰሏን፣ ቁርበቷን ታደርጉላታላችሁ፤ መስኮቱን ትጋርዱታላችሁ። አያት ቤቷ ያለች መስሏት ትተኛለች። ኢሙሌተርም እንደዚያ ነው። በዘመናዊው ኮምፒዩተር ውስጥ የድሮውን ማሽን በሶፍትዌር ይሠራዋል። የድሮው አንጎለ ኮምፒዩተር የሚያውቃቸውን ትእዛዞች አንድ በአንድ ያነብባል፣ «ይህን ደምር፣ ይህን እዚህ አስቀምጥ፣ ይህን ስክሪን ላይ አውጣ» የሚለውን ለአዲሱ ማሽን ይተረጉማል። 640 ኪሎባይት ማስታወሻ፣ የስክሪን ካርድ፣ ኪቦርድ፣ የሰዓት ምት፤ ሁሉም በሐሰት ተሠርተው ይቀርቡለታል። ፕሮግራሙ ከቤቱ መውጣቱን አያውቅም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1964 ሲስተም 360 የተባለውን ማሽን ሲያወጣ ደንበኞቹ ለአሮጌው 1401 የጻፏቸውን ፕሮግራሞች መጣል አልፈለጉም፤ አዲሱ ማሽን አሮጌውን እንዲመስል ተደርጎ ተሸጠላቸው። እኛ የተጠቀምንበት ዶስቦክስ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በነፃ የወጣው በዋናነት የድሮ ጨዋታዎችን ለማስኬድ ነበር። ጨዋታ የሚወዱ ሰዎች የሠሩት ነገር የማሽላውን መጽሐፍ ሊከፍትልን ሆነ ማለት ነው።

ፕሮግራሙን አስነሣሁት። ወዲያው «ራንታይም ኤረር 200» ብሎ ሞተ። ደገምኩት፣ እንዲሁ። ሁለት ቀን ተቃጠልኩ። ለካስ ጥፋቱ የኔ ጉጉት ነው፤ ፈጣን ይሁን ብዬ የዶስቦክሱን ፍጥነት እስከ ጣሪያ ከፍቼዋለሁ። ፕሮግራሙ በተርቦ ፓስካል የተጻፈ ነው። የዚያ ዘመን ተርቦ ፓስካል ሲነሣ ማሽኑ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ለመለካት በአንድ የሰዓት ምት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይቆጥራል፤ ማሽኑ በጣም ከፈጠነ ውጤቱ ከተዘጋጀለት ቦታ በላይ ይሆንና ፕሮግራሙ ይወድቃል። የጻፉት ሰዎች እንዲህ የሚፈጥን ኮምፒዩተር ይመጣል ብለው አላሰቡም። ፍጥነቱን ወደ 3,000 ዑደት አወረድኩት። የስክሪን ካርዱንም ያኔ በላብራቶሪያችን የነበረው ሄርኩለስ እንዲሆን አዘዝኩት፤ 720 በ348 ነጥብ ያለው ጥቁርና ነጩ።

ከዚያ በጨለማው ስክሪን ላይ በአማርኛ «እንኳን ደህና መጡ» አለኝ። ዓመት ሙሉ ስንት ፊደል ያየሁበት ስክሪን፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር ሳያት ግን ተነሥቼ በሩን ዘጋሁ። ሰው እንዲያየኝ አልፈለግሁም።

ፋይሎቹ ተከፈቱ። ስሞቹ በሙሉ አሉ፤ የቀበሌው ስም፣ የገበሬው ማብራሪያ፣ የእህሉ ቀለም። ግን በኢሙሌተር ውስጥ ማየት ብቻውን አይበቃም። ተመራማሪ እንዲፈልግበት፣ እንዲያትመው ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። ለዚያ ደግሞ የትኛው ባይት የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፤ መመሪያው መጽሐፍ ከካርቶኑ ጋር ሄዷል። መንገዱ ቀላል ነው፤ ከ«ሀ» እስከ «ፖ» ገበታውን በፕሮግራሙ ላይ መጻፍ፣ ፋይሉን ማስቀመጥ፣ ከዚያ ባይቶቹን አንድ በአንድ ከፊደሎቹ ጋር ማስተያየት። ግን የትኛውን ቁልፍ ብነካ «ጨ» ይመጣል? «ኳ»ስ? ኪቦርዱን ያወቀ ሰው ጠፋ።

ያኔ ጡረታ የወጡት የዲፓርትመንታችን ጸሐፊ ትዝ አሉኝ። እትዬ የሁላችንን የመመረቂያ ጽሑፍ የጻፉ ናቸው። ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። «አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ ስንት ዓመቴ ሆነ፣ አንዱም ትዝ አይለኝም» አሉኝ። ላፕቶፑን ፊታቸው አደረግሁት። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ስክሪኑን ሳይሆን መስኮቱን እያዩ መጻፍ ጀመሩ። ሀሁሂሃሄህሆ። ለሉሊ። ሲያስቡ ይሳሳታሉ፣ ሳያስቡ ትክክል ነው። «ዝም በል፣ አታናግረኝ፤ እኔ አላውቀውም፣ እጄ ነው የሚያውቀው» አሉኝ። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ገበታው ከነዲቃላው አለቀ። እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት መሆኑም ታወቀ። የፕሮግራሙን ዋና ዲስክ ሳገኝ እንኳን እንደዚያ ቀን አልተደሰትኩም።

ሠንጠረዡን ይዤ መለወጫ ጻፍኩ። በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ማስታወሻው ሁሉ በዘመናዊ አማርኛ ወጣ። ለልጃቸው ልኬ ጨረስኩ ብዬ ነበር። እሷ ናት ያዳነችን። «የአባባ መግቢያ ላይ ‹የተሰመረበት ስም ከገበሬው አፍ የሰማሁት ነው፤ ያልተሰመረበት ከሌላ ዝርዝር የወሰድኩት ነው› ይላል። አንተ በላክልኝ ላይ ግን ምንም መስመር የለም» አለችኝ። ደንግጬ ወደ ኢሙሌተሩ ተመለስኩ። በሄርኩለሱ ስክሪን ላይ መስመሮቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ለካ ፕሮግራሙ ማስመሩን የሚያስቀምጠው በራሱ ምልክት ነው፤ እኔ ምልክቶቹን ትርጉም የለሽ ቆሻሻ መስለውኝ መለወጫው እንዲጥላቸው አዝዣለሁ። የሠላሳ ዓመት የመስክ ሥራ ከተገለበጠ ዝርዝር ጋር ተቀላቅሎ ሊታተም ነበር። በ1991 ዓ.ም. ካርቶኑን የጣለው እጅ ያንኑ ሥራ ሊደግመው ነበር ማለት ነው።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኼ ነው። ፋይልን ወደ አዲስ መልክ መለወጥ የግድ ነው። የሚለውጥ ሰው ግን የሚይዘው የሚያውቀውን ብቻ ነው፤ ያልገባውን ይጥላል፣ መጣሉንም አያውቅም። አሮጌው ፕሮግራም በኢሙሌተር ሲነሣ ጸሐፊው ያዩትን ገጽ ራሱን ስለሚያሳየን የጣልነውን ነገር ተመልሰን እናይበታለን። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጉናል፤ የተለወጠው ጽሑፍ ለሥራ፣ ዋናው ፋይል ከነፕሮግራሙ ደግሞ ለምስክርነት።

ይህ የኛ ችግር ብቻ አይደለም። እንግሊዞች በ1086 የመሬትና የሀብት ቆጠራ መዝግበው ነበር፤ ዱምስዴይ ቡክ ይባላል። በ900 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ ቢቢሲ ያንን ለማሰብ የዘመኑን እንግሊዝ በሌዘር ዲስክ አዘጋጀ። አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላ የብራናው መጽሐፍ ይነበባል፣ ዲስኩን የሚያነብ ማሽን ግን ሊጠፋ ደረሰ። የሊድስና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ማሽኑን በኢሙሌተር አስመስለው ሥራውን እንደገና አስነሡት። እኛም ዘንድ የአባ ገሪማን ወንጌል ግእዝ የተማረ ሰው ገልጦ ያነበዋል፤ ከ1,300 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ብራና ነው። ብራና ዓይንና ትምህርት ይበቃዋል። የኛ ዘመን ጽሑፍ ግን ማሽን ይፈልጋል፣ ፕሮግራም ይፈልጋል፣ የእትዬን እጅ ይፈልጋል።

ሥራው ሙሉ በሙሉ ተሳካ ብዬ አልዋሻችሁም። ከ11ዱ ዲስኮች ሰባቱ ሙሉ በሙሉ ተነበቡ፣ ሁለቱ በከፊል። ሁለቱ ግን ሞተዋል፤ ማግኔቱ ለቋል። ስሞቹ በፊደል ተራ ስለተደረደሩ ከ«ቀ» እስከ «ነ» ያሉት በነዚያ ውስጥ ነበሩ። ኢሙሌተር ማሽን ያስመስላል እንጂ ከዲስክ ላይ የጠፋ ነገር አይመልስም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልለምናችሁ ነው የመጣሁት።

አንደኛ፣ ቤታችሁ ያለውን ዲስክ አትጣሉ፣ ለልጆችም መጫወቻ አትስጡ። ባለ ሦስት ኢንች ተኩሉ ከሆነ ጥግ ላይ ያለችውን መዝጊያ ገፍታችሁ ቀዳዳውን ክፈቱት፤ ያን ጊዜ ማንም በስሕተት ሊጽፍበት አይችልም። ትልቁና ተጣጣፊው ከሆነ ጠርዙ ላይ ያለውን ቁረጥ በፕላስተር ሸፍኑት። ሻጋታ ካያችሁበት ማሽን ውስጥ አትክተቱት፤ ለኛ አምጡት። መጀመሪያ የምንሠራው የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ማውጣት ነው፤ ሌላው ሁሉ በቅጂው ላይ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የፕሮግራም ዲስኮችን፣ መመሪያ መጻሕፍትን፣ ኪቦርድ ላይ ትለጥፏቸው የነበሩትን የፊደል ወረቀቶች ፈልጉ። ፋይል የሌላችሁም ብትሆኑ የናንተ ፕሮግራም የሌላውን ፋይል ይከፍታል። በዚያ ዘመን የጻፋችሁ ጸሐፊዎችም ካላችሁ፣ ወይም ካወቃችሁ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ስጡን። ቡናው በኛ ነው።

ሦስተኛውን ለመምህራን ነው የምለው። ዛሬ ተማሪው ጽሑፉን ሲያስረክብ ፒዲኤፍ ተቀብለን እናስቀምጣለን። መረጃውን የተነተነበት ፕሮግራምስ? እሱ የጻፈው ኮድስ? የትኛው እትም እንደነበር ተመዝግቧል? ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ረዳት እንደኔ ካርቶን ይዞ ወደ ቆሻሻው ሲሄድ የሚያስቆመው ነገር ዛሬ የምንጽፈው አንድ ገጽ ማስታወሻ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻም፣ ከመምህራችን ጋር ወሎ መስክ የወጣችሁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የመስክ ደብተራችሁን እስቲ ቤት ስትገቡ ገልጡት። ከ«ቀ» እስከ «ነ» የሚጀምር የማሽላ ስም ካገኛችሁ፣ አንድም ቢሆን፣ ከመሄዳችሁ በፊት አድራሻዬን ውሰዱና ላኩልኝ። ልጃቸው እዚህ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ቆርቆሮውንም ይዛዋለች።